የእማማ ብርቄ ጉርድ ፎቶ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። እጄ የለመደው ጽሑፍ በፎቶ ፖስታ ጀርባ ላይ የሚጻፈው ብቻ ነው፤ የደንበኛው ስም፣ ስንት ፍሬ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚወሰድ። ትምህርቴም ከሰባተኛ ክፍል አላለፈም። የምሠራበት ፎቶ ቤት ባለቤት ጋሽ እንድሪስ ናቸው። «ያንን የመሬት ደብተር ነገር ጻፊውና በየፎቶ ቤቱ ያሉ ልጆች ያንብቡት። በአፍሽ እንደሆነ አትነግሪያቸውም» ስላሉኝ ነው የጀመርኩት። እውነታቸውን ነው። ሰው ፊት ማውራት ያሳፍረኛል። ወረቀት ግን ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

ሸዋ ሮቢት ሥራ የጀመርኩት በግንቦት ነው። ግንቦት ቆላ ውስጥ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ከማጀቴ ከተማ አክስቴ ዘንድ መጥቼ ገና ሳምንቴ ነበር። ሥራዬ ሦስት ነው ተባልኩ፤ ቤቱን መጥረግ፣ ከደንበኛ ጀርባ የሚሰቀለውን መጋረጃ መተኮስ፣ ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ሶፍት አቅርቦ «ላብዎን ይጥረጉ» ማለት።

መጥረጉንና መተኮሱን ቻልኩት። «ላብዎን ይጥረጉ» ማለቱ አቃተኝ። የመጀመሪያው ደንበኛ ወፈር ያለ፣ ከረባት ያሰረ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። ላቡ ከግንባሩ ወደ ከረባቱ ይወርዳል። ምንም ሳልናገር ሶፍቱን ዘረጋሁለት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ፎቶው ላይ ግንባሩ እንደ አዲስ ቆርቆሮ አበራ።

ጋሽ እንድሪስ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍተው አዩና ወደኔ ዞሩ።

«ዘይኑ፣ ሰውዬውን ምን አልሽው?»

መጥረጊያዬን አነሳሁ።

«ምንም አላልሽውም?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እንግዲያው ነይ እዚህ ተቀመጪ። ለሰው ጥረግ ማለት ካፈርሽ፣ አንቺው ራስሽ ትጠርጊለታለሽ።»

ፊት የማለስለስ ሙያ የጀመርኩት እንዲህ ነው። ሌላው ሰው ወደ ሙያ በችሎታው ይገባል፤ እኔ በዓይን አፋርነቴ ገባሁ።

ፎቶሾፕ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። እኔ መሣሪያዎቹን የማውቃቸው በሥዕላቸው ነው። የቁስል ፕላስተር የምትመስለው ብጉርና ጠባሳ ታጠፋለች። ማኅተም የምትመስለው ከደህናው ቆዳ ትቀዳና መጥፎው ላይ ታትማለች። የውሃ ጠብታ የምትመስለው ታደበዝዛለች። ላጲሷ ያው ላጲስ ናት። አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ የሠለጠነ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ስማቸውን ሁሉ ጠራልኝ። አመሰገንኩትና በፕላስተሬ ቀጠልኩ።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ የፎቶው ቅጂ ይወጣና ከዋናው ላይ ይደረባል። በፕላስተሯ ነጠብጣቡ ሁሉ ይነሳል። ከዚያ የላይኛው ቅጂ ይደበዝዛል፤ በዚህ ጊዜ ደንበኛው ጣርማ በር ላይ ጭጋግ የዋጠው ይመስላል። ቀጥሎ በላጲሷ ዓይኑን፣ ቅንድቡን፣ ከንፈሩን፣ የአፍንጫውን ቀዳዳ፣ ጆሮውንና የፀጉሩን መስመር መክፈት ነው። ከሥር ያለው እውነተኛው በዚያ በኩል ይወጣል። በመጨረሻ የላይኛው ቅጂ ኃይል ይቀነሳል። ጋሽ እንድሪስ «ግማሽ ላይ አቁሚ» ይላሉ። ደንበኛ ሁልጊዜ «ሙሉ» ይላል።

ከፊት ብዙ ነገር ይታወቃል። ከደብረ ሲና የወረደ ሰው ጉንጩ በብርድ ተሰነጣጥቆ ይመጣል። የቆላው ሰው ይወዛል። ሁለቱ ገበያ ላይ ተገናኝተው በሽንኩርት ዋጋ አይስማሙም። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ግን የአንድ እናት ልጆች አደርጋቸዋለሁ።

አንድ ጎረምሳ አገጩን በእጁ ደግፎ ፎቶ ተነሳ። «ትንሽ ቀላ አድርጊኝ» አለ። አደረግኩት። «ትንሽ ጨምሪ።» ጨመርኩ። «አሁንም ትንሽ።» ፊቱ የፈረንጅ ሆነ። እጁ ግን በማሾ አጨዳ የከረመ የራሱ እጅ እንደሆነ ቀረ። ፎቶውን ሲያይ «እጄስ?» ብሎ ደነገጠ። ጋሽ እንድሪስ ከካሜራቸው ቀና ሳይሉ «እሱማ ከጓደኛህ የተዋስከው ነው» አሉት።

አንዲት እናት የልጃቸውን የሠርግ አልበም ሊወስዱ መጡ። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ቆዩና፣

«ይቺ ማናት?» አሉ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ሙሽራዋ፤ አጠገባቸው ቆማለች።

«አንቺ ከሆንሽ፣ ይቺን አጠገቤ የቆመችውን ለማን ሰጥቼ ልሂድ?»

አንዲት አስተማሪ ደግሞ ጉንጯ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ በማጥፋቴ አኮረፈች። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ናት፤ ባሏ እዚያው ቀርቷል። «እሷን ነጥብ ነው የሚወድልኝ፣ መልሺልኝ» አለች። በማኅተሟ መለስኩላት። ለባሏ ከላከችው በኋላ ነው ቀኝ ጉንጯ ላይ እንዳስቀመጥኩት የታወቀው። ነጥቧ የነበረችው በግራ ነው። ሌላ ሠርቼ ሰጠኋት፤ የባሏን መልስ ግን አልነገረችኝም።

በፎቶ ቤት ማዕረግ አለ። ከታች ጠራጊ ነው። ከዚያ መብራት ያዥ፣ ከዚያ አታሚ፣ ከዚያ ኤዲተር፣ ከሁሉም በላይ ፎቶ አንሺ። በሁለተኛው ዓመት ኤዲተር ሆንኩ። የሚሽከረከር ወንበር ተሰጠኝ። የሰፈሩ ልጆችም «ዘይኑ ቅባት» የሚል ስም አወጡልኝ። ሲጠሩኝ ቀና ብዬ አላያቸውም፤ በውስጤ ግን ኮራ እል ነበር።

እማማ ብርቄ የመጡት በዚህ የኩራቴ ጊዜ ነው።

ወሩ ጥር ነበር። ጥር የሠርግ ወር ነውና ከማለዳ ጀምሮ የማየው ሙሽራ ብቻ ነው። እማማ ብርቄ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በእግራቸው መጡ። ባላቸው ሞተዋል። በክረምት ጣራው አፍስሶ የመሬት ደብተራቸው ስለራሰ አዲስ ሊሰጣቸው ነው፤ ለዚያ ጉርድ ፎቶ አምጪ ተብለዋል። ፊታቸውን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት፣ አገጫቸው ላይ ሌላ ንቅሳት አለ። በልጅነታቸው ለዓይን ሕመም የተበጡት፣ በየዓይናቸው ጠርዝ ሁለት ሁለት መስመር ሆኖ ይታያል። የቀረው ሁሉ ሽብሽብ ነው።

ጋሽ እንድሪስ አስቀመጧቸው።

«ሻሽዎን ከጆሮዎ ከፍ ያድርጉት፣ እማማ። ለመንግሥት የሚሆን ፎቶ ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት።»

«መንግሥት ጆሮዬን ምን ያደርግለታል?»

«እንደሚሰሙት ሊያውቅ ይሆናላ።»

«እኔ እሰማዋለሁ፤ እሱ ነው የማይሰማኝ» አሉና ሻሻቸውን ከፍ አደረጉ።

ጋሽ እንድሪስ ፎቶውን አንስተው ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጡልኝና ካሜራቸውን እንደያዙ ወደ አንድ ሠርግ ሮጡ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እማማ ብርቄ አግዳሚው ላይ ሆነው እየጠበቁኝ ነው። አለስልሺልኝ አላሉኝም። ማንም አላዘዘኝም። ደግነት መስሎኝ ነው። ንቅሳቱን በማኅተሟ አነሳሁት። ብጡን በፕላስተሯ ደፈንኩት። ሽብሽቡን በጠብታዋ አሳለፍኩት። ግማሽ ላይ ማቆምም ረሳሁ፤ እጄ ሙሽራ ለምዷል።

ታትሞ ሲወጣ ሰጠኋቸው። ራቅ አድርገው አዩት። ቀረብ አድርገው አዩት።

«እሰይ!» አሉ። «አባቴ ቤት ሳለሁ ቁርጥ እንዲህ ነበርኩ። እጅሽ ይባረክ፣ የኔ እናት! ዓይንሽ አይፍዘዝ! በወግ በማዕረግ ያድርስሽ!»

ለሠራሁት ፎቶ እንደዚያ ተመርቄ አላውቅም። በዚያ ቅዳሜ እንደ ቤቱ ደንብ የሳምንቱን ኦሪጂናሎች አጠፋሁ። የሠርግ ፎቶ ኮምፒውተሩን ስለሚሞላው፣ የተሠራው ይቀመጣል፣ ያልተሠራው ይጠፋል። የእማማ ብርቄም አብሮ ጠፋ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እማማ ብርቄ ተመልሰው መጡ። ሌላ ምርቃት ሊያመጡልኝ መስሎኝ ተነሳሁ። እሳቸው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው፣ መቀነታቸውን ፈተው መልሰው አሰሩና፣

«ልጄ፣ እኔን የት አደረግሽኝ?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፎቶው አዲሱ ደብተር ላይ ተለጥፎ ማኅተም ተመቷል። ደብተር የሚታደልበት ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት ስማቸው ሲጠራ፣ ታደገ ተቀበለላቸው። ታደገ የባላቸው ወንድም ልጅ ነው፤ መሬታቸውን በእኩል፣ ምርቱን ተካፍሎ፣ የሚያርሰውም እሱ ነው። ደብተሩን ገልጦ አየና እጁን አነሳ። «ይቺ እማማ ብርቄ አይደለችም። ይቺ አጣዬ ያለችው የእህታቸው ልጅ፣ አለሚቱ ናት። በስማቸው የሷን ፎቶ አስገብተው የአጎቴን መሬት ለእናታቸው ወገን ሊያሻግሩ ነው!» አለ። ሰው ተሰብስቦ አየ። እውነትም አለሚቱን ይመስላል። አክስትና የእህት ልጅ መመሳሰላቸው ብርቅ አይደለም፤ እኔ ደግሞ የሠላሳውን ዓመት ልዩነት አንስቼላቸዋለሁ።

ደብተሩ ታገደ። ታደገ «አጭበርብራለችና መሬቱ ለባሏ ወገን ይመለስ» ብሎ አመለከተ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሀጂ ኡመር ለሐሙስ ቀጠሩና «ፎቶ አንሺሽን ይዘሽ ነይ» አሏቸው።

ያ መሬት ማሾና ማሽላ የሚበቅልበት ነው። የእማማ ብርቄ መኖሪያ እሱ ብቻ ነው። ከሄደ የሚጠጉት አለሚቱን ነው። አለሚቱ ደግሞ ቤቷ ከተቃጠለ ወዲህ ከልጆቿ ጋር በአንዲት ክፍል ነው የምትኖረው።

ጋሽ እንድሪስ «ሌላ ፎቶ አንስተን ብንሰጥስ?» አሉ።

«እሱንም ብያቸዋለሁ። ታደገ፣ ሌላ ካመጣች የፊተኛው የሷ እንዳልነበር አመነች ማለት ነው አለ።»

«ዘይኑ፣ ኦሪጂናሉን አውጪ።»

እንደሌለ እያወቅኩ ፈለግኩ። የፈለግኩት ይገኛል ብዬ አይደለም፤ ዞሬ ላለማየት ነው። ጋሽ እንድሪስ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው የተሠራውን ፎቶ አዩ። ከተነሳ ወዲህ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው።

«ንቅሳቱን አጠፋሽው?»

«አዎ።»

«ብጡንም?»

«አዎ።»

«ለመሬት ደብተር?»

ፎቶውን ልዘጋው እጄን ሰደድኩ።

«ምነው፣ መሬቱን ሊያገቡት ነው እንዴ?»

እማማ ብርቄ ጣልቃ ገቡ። «ተዋት እንድሪስ፣ አትቆጣት። እኔም እኮ ደስ ብሎኝ ነው የወሰድኩት። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።» ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ላፕቶፕና ካሜራ ይዘን በባጃጅ ሄድን። ጋሽ እንድሪስ መንገድ ላይ «የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ያለሰለስኩት እኔ አይደለሁም» አሉኝ። በግራና በቀኝ ያለውን የማሾ ማሳ ብቻ እያየሁ ደረስኩ።

ስብሰባው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ነበር። ሀጂ ኡመር መሐል ተቀምጠዋል። ነጭ ጢም አላቸው፤ ግራ ጉንጫቸው ላይ የበሬ ቀንድ የተወው ረጅም ጠባሳ አለ። አጠገባቸው ደብተሩን የያዘው ወጣት ጸሐፊ አለ፤ ከሩቅ ተመድቦ የመጣ ነው። ታደገ ኮቱን ለብሶ ቆሟል። የሰፈሩ ሰው ድንጋይ ላይም መሬት ላይም ተቀምጧል።

«ፎቶውን ያነሳው ማነው?» አሉ ሀጂ።

«እኔ ነኝ። ያሳመረችው እሷ ናት» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ነይ ልጄ፣ ቅረቢ። ይህ የማን ፎቶ ነው?»

«የእማማ ብርቄ» አልኩ። ከራሴ በቀር የሰማ ያለ አይመስለኝም።

«ምን አለች?» አሉ ሀጂ።

«የተገዛች ምስክር ናት፤ ቃሉን ገና አላጠናችም» አለ ታደገ። ሰው ሳቀ።

እኔ ከማውራት ማሳየት ይቀለኛል። ካሜራውን ከቦርሳ አወጣሁና ወደ ሀጂ ኡመር አዞርኩት።

«እኔን ደግሞ? እኔ ምን አደረግኩ?»

«ይፍቀዱላት፣ ሀጂ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ይቺ ልጅ የምትመሰክረው በእጇ ነው።»

«ቢስሚላህ» አሉና ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አነሳኋቸው። ላፕቶፑን አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ተንበርክኬ ሥራ ጀመርኩ። ሰው ከኋላዬ ተሰበሰበ። እኔን የሚያይ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው ሀጂን ነው።

«ጠባሳቸው ሄደ! በሬውን ይቅር አሉት!»

«ያ ረቢ፣ ግንባራቸውን እየው!»

«ሚስታቸው ስታይ ምን ልትል ነው?»

«ለእኔም አንድ ሁለት ጥርስ ጨምሪልኝ በሏት እባካችሁ!»

ግማሽ ላይ አላቆምኩም። ጨርሼ ላፕቶፑን ወደ ኮሚቴው አዞርኩት። ወጣቱ ጸሐፊ ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ የሀጂ ልጅ ነው?» አለ።

«ወላሂ፣ ልጄም እንዲህ አያምርም» አሉ ሀጂ ኡመር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ከላፕቶፑ አላነሱም።

ሁሉም ያለቀ መስሎት ነበር። ታደገ ግን ሞኝ አይደለም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና «ጥሩ» አለ። «ሀጂን ሌላ ሰው ማድረግ ትችላለች፤ ሁላችንም አየን። እንግዲያው አለሚቱንም እማማ ብርቄ ማድረግ ትችላለቻ! ይሄ የመሰከረው ለኔ ነው።»

ያለው ትክክል ነበር። ጋሽ እንድሪስ አንገታቸውን ደፉ። እማማ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ሌላ የማውቀው ነገር ስለሌለ የእማማ ብርቄን ፎቶ ከፍቼ አጎላሁት። የእኛ ሥራ ሰው ፎቶ ሲያይ ልማዱ አንድ ነው፤ የቀረ እንከን መፈለግ። ግንባር፣ የለም። አገጭ፣ የለም። የዓይን ጠርዝ፣ የለም። እንደዚያን ቀን ሥራዬን የጠላሁበት ጊዜ የለም፤ አንድ ቦታ እንኳን አልሳትኩም። ከዚያ ግራ ጆሯቸው ላይ ደረስኩ። የጆሯቸው ጫፍ፣ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት፣ ለሁለት ተሰንጥቋል።

«ጆሮ» አልኩ።

«ምን አለች?»

«ጆሮ!» ጮኼ ነው መሰለኝ፤ ጸሐፊው እስክሪብቶውን ጣለ። «ጆሮ አልነካም።»

ጋሽ እንድሪስ ቶሎ ገባቸው። መጥተው ላፕቶፑን አነሱት። «ቆዳ ሲለሰልስ ዓይንና ጆሮ ይከፈታሉ፤ እንደ ተፈጥሯቸው ነው የሚተዉት። ሀጂ፣ የራስዎንም ይዩት፤ ጆሮዎ ላይ ያለው ፀጉር እንኳን አልተነካም። ይህ በፎቶው ላይ ያለው ጆሮ ተቀድዷል። የማን ጆሮ እንደሆነ ባለቤቱ ያሳየን።»

«ብርቄ፣ እስቲ ሻሽሽን ከፍ አድርጊው» አሉ ሀጂ።

እማማ ብርቄ ሻሻቸውን ከፍ አደረጉ። የግራ ጆሯቸው ጫፍ ለሁለት ተሰንጥቋል። ጸሐፊው ደብተሩን አጠገባቸው ይዞ ቆመ። አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ጆሮውን አየና «ራሱ ነው» አለ።

«መቼ ነው የተቀደደው?» አሉ ሀጂ።

እማማ ብርቄ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ታደገን አዩት።

«እናቱ ታማ የተኛች ጊዜ፣ ይሄን ልጅ አዝዬው ወንዝ ስወርድ ነው። ገና ጥርስ ሲያወጣ ነው። ጉትቻዬ ሲያብረቀርቅ አየና ጎትቶ ቀደደው። ደሜ ነጠላዬን አልብሶት እሱ ጀርባዬ ላይ ይስቃል።»

ሰው የሚሳቅ ይሁን የማይሳቅ ግራ ገባው። ታደገ ኮቱን ቆለፈ፣ መልሶ ፈታ።

«ይሄን ደግሞ ማን ያስታውሰዋል?» አለ።

ከድንጋዮቹ በኩል አንዲት ሴት «ጆሯቸው!» አለች። ከዚያ በኋላ ሳቁን የሚያቆመው ጠፋ።

ሀጂ ኡመር ፈረዱ። ደብተሩ የእማማ ብርቄ ነው። የተለጠፈው ፎቶ ይነሳና ፊታቸውን የሚመስል ይለጠፍ። ወደኔ ዞረውም «አንቺ ልጅ፣ የመንግሥት ወረቀት ሠርግ አይደለም፣ እሺ?» አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ይህን እንኳን ሰምተውኛል።

ዕቃችንን ስንሸክፍ ሀጂ ኡመር ምርኩዛቸውን ይዘው ቀረብ አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ያ የኔ ፎቶ ጠፋ እንዴ?» አሉ።

«አልጠፋም።»

«በትልቁ አውጪልኝ። ጅዳ ላለው ልጄ ነው። አባትህ ደህና ነው እለዋለሁ።»

አውጥቼ ሰጠኋቸው። ልጃቸው ምን እንዳለ አልሰማሁም።

ታደገ እስካሁን የእማማ ብርቄን መሬት ያርሳል። ሌላ የሚያርስላቸው የለም፤ እሱም ሌላ የሚያርሰው የለውም። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ አንድ ቀን መጥቶ ነበር። ገና ሳልጠይቀው «እንዳለሁ ተዪኝ» አለኝ። ጉንጩ ላይ የብጉር ጠባሳ አለው። አንዲቱንም አልነካሁበትም።

ቤታችን አሁን ኦሪጂናል አያጠፋም። ጋሽ እንድሪስ ለብቻው ማስቀመጫ ገዝተውለታል። ደንበኛ ሲመጣ «ለምን ጉዳይ ነው?» ብለሽ ጠይቂ ተብያለሁ። መጠየቁ ስለሚያሳፍረኝ በካርቶን ላይ ጽፌ ከወንበሩ ፊት ለፊት ሰቀልኩት፤ ሰው እያነበበ ራሱ ይናገራል። ማንበብ የማይችል ሲመጣ ግን አፌን መክፈቴ አልቀረም።

በዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ፊት ከማለስለስ በፊት ፎቶው የት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ለሠርግ ከሆነ ደንበኛው ያለው ይሁን። ለደብተር፣ ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት ከሆነ ግን ፊቱን እንዳለ መተው ነው። ሌላ ትምህርት የለኝም።

እማማ ብርቄ ሌላ ፎቶ ለመነሳት የመጡት ከዚያ ሐሙስ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው። ጋሽ እንድሪስ ካሜራውን ለኔ ሰጡኝ፤ በፎቶ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ ሳነሳ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ምንም ሳልነካ አተምኩት። መስቀሉ፣ የአገጩ ንቅሳት፣ ብጡ፣ ሽብሽቡ፣ ሁሉም በየቦታው ወጣ። ራቅ አድርገው አዩት። ቀረብ አድርገው አዩት። አልመረቁኝም፣ አልከፋቸውምም። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት ተነሱ። በር ላይ ሲደርሱ ቆሙና፣ ኮምፒውተሩ ላይ ከጎን ከፍቼው የነበረውን ያንን የለሰለሰውን ፎቷቸውን በምርኩዛቸው እያመለከቱ እንዲህ አሉኝ፦

«እኔስ ይሄው ነኝ። ያቺን ልጅ ግን እንዳታጠፊያት፤ ለቅሶዬ ላይ የሚይዙት እሷን ነው።»